የጀልባዬ ውታፍ ውሃ ያስገባል፤ የትኛውን ልግዛ?

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ሐረር ነው የምኖረው። ሐረማያ ሐይቅ ላይ ሰው የማንሸራሽርባት አራት ሜትር ገደማ የምትሆን አሮጌ የፋይበር ጀልባ ከጂቡቲ አስመጥቻለሁ። ከኋላ ታች ያለው የውሃ ማፍሰሻ ውታፍ መንገድ ላይ ጠፍቶ ነው የደረሰችው። ድሬ ወርጄ ከቧንቧ ዕቃ መደብር የ3/4 ኢንች ጋልቫናይዝ ፕላግ ገዛሁ። ቀዳዳውን በማስመሪያ ስለካው ወደ 24 ሚሊ ሜትር ስለሆነ አንድ ኢንች መስሎኝ ነበር፤ የገባው ግን የ3/4ቱ ነው። ሁለት ዙር ከሄደ በኋላ ይጠብቃል። ቴፍሎን ደራርቤ አሰርኩት። ጠዋት ደረቅ ሆና ወጥታ ከሰዓት ውሃው ቁርጭምጭሚት ይደርሳል። ምን ዓይነት ውታፍ ልግዛ? ፓምፕም ላስገባ አስቤያለሁ፤ ለእሱ ከታች ሌላ ቀዳዳ ላስበሳ? ለበዓል ሰው ስለሚበዛ ከዚያ በፊት መጨረስ እፈልጋለሁ።»

ወንድሜ፣ ወደ ዕቃው ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር ልለምንህ። ይህ ነገር እስኪስተካከል ድረስ በዚያች ጀልባ ሰው አትጫን። አሁን ውታፉን የያዘው ሁለት ዙር ጥርስና ቴፍሎን ብቻ ነው። ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ ቢፈታና ቢወድቅ ምን እንደሚሆን አስላው። ቀዳዳው 24 ሚሊ ሜትር ነው። ሰው ተጭኖ ከውሃው ወለል 30 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ቢል በደቂቃ ወደ 40 ሊትር ውሃ ያስገባል። ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በደቂቃ ማለት ነው። አምስት ደቂቃ ሳይታወቅ ቢያልፍ 200 ኪሎ ውሃ ተሳፍሯል። ጀልባዋ ዝቅ ባለች ቁጥር ደግሞ ቀዳዳው ይበልጥ ይጠልቃል፤ ውሃውም ይፈጥናል። ከሚሳፈሩት ብዙዎቹ ዋና አይችሉም። ስለዚህ ይህን ከልብ እንየው።

እኔ ድሬዳዋ የውሃ መስመርና የፓምፕ ሥራ እሠራለሁ። ከዚያ በፊት ጂቡቲ የጀልባ ጥገና ቤት ውስጥ ቆይቻለሁ። የቤት ቧንቧ ዕቃና የጀልባ ዕቃ በዓይን ይመሳሰላሉ። ብዙ ጊዜ ግን አይተካኩም። የአንተም ጣጣ የመጣው ከዚያ ነው።

አዲስ ውታፍ ከመግዛትህ በፊት ውሃው የሚገባበትን ቦታ በትክክል እወቅ። «ውታፉ ውሃ ያስገባል» ስትል እርጥበቱን እዚያ አካባቢ አይተህ ነው። ሦስት መንገድ ሊኖረው ይችላል። አንደኛው በውታፉ ጥርስ በኩል ነው። ሁለተኛው ውታፉ በሚታሰርበት የብረት መቀመጫና በፋይበሩ መሀል ነው። ሦስተኛው የከፋ ነው፤ መቀመጫውን በያዙት ብሎኖች በኩል ገብቶ በኋለኛው ግድግዳ ውስጥ ካለው እንጨት የሚመጣ ነው። የአብዛኞቹ አነስተኛ የፋይበር ጀልባዎች የኋላ ግድግዳ ሁለት የፋይበር ሽፋን መሀል የተቀበረ ኮምፔንሳቶ አለው። ሞተሩን የሚሸከመው እሱ ነው። ውታፍ ብትቀያይር ሁለተኛውንም ሦስተኛውንም አታድንም።

መለየቱ ቀላል ነው። ጀልባዋን የብስ ላይ አውጣ። ከኋላ ትንሽ ዝቅ አድርገህ አስቀምጣት። ውጪውን በጨርቅ አድርቀው፤ በውታፉና በመቀመጫው ዙሪያ ጠብታ እንዳይቀር። ከዚያ ከውስጥ ውሃ ጨምር። ቀዳዳውን ከሸፈነ በኋላ አንድ ስንዝር ያህል ይበቃል። አትሙላት፤ የብስ ላይ ያለች ጀልባ የውሃን ክብደት ለመሸከም አልተሠራችም። አሁን ውጪ ተቀምጠህ ደረቅ የሶፍት ወረቀት ይዘህ ነካ ነካ አድርግ። መጀመሪያ በውታፉ ራስ ዙሪያ፣ ቀጥሎ በመቀመጫው ጠርዝ፣ ከዚያ በእያንዳንዱ ብሎን ራስ ላይ። ወረቀቱ ቀድሞ የረጠበበት ቦታ ጥፋተኛው ነው። ግማሽ ሰዓት ታገስ፤ ቀስ ብሎ የሚያልብ ቦታም አለ።

እግረ መንገድህን በካቻቢቴ እጀታ የኋላ ግድግዳውን ከሞተሩ ማሰሪያ እስከ ውታፉ ድረስ ቀስ እያልክ አንኳኳ። ደህና እንጨት ጠንካራና ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። የበሰበሰው የታፈነ ነው። ድምፁ ከውታፉ ዙሪያ ከእጅህ መዳፍ ስፋት በላይ ከታፈነ የቧንቧ ሠራተኛ ሥራ አይደለም፤ ፋይበር የሚሠራ ሰው ፈልግ። ያ እንጨት ከላላ አንድ ቀን ሞተሩ ራሱ ተገንጥሎ ይወርዳል።

አሁን ወደ ጥርሱ። የለካኸው 24 ሚሊ ሜትር ትክክል ነው፤ የተሳሳተው አንድ ኢንች ብለህ መተርጎምህ ነው። የቧንቧ ኢንች በማስመሪያ ከምታየው ኢንች ጋር አይገናኝም። 3/4 የሚባለው ጥርስ ውጪው 26 ሚሊ ሜትር ተኩል ገደማ ነው፤ የሴቴው ውስጥ ደግሞ 24 ገደማ። ስለዚህ የአንተ ቀዳዳ በስሙ 3/4 ነው። 1/2 የሚባለውም ውጪው 21 ገደማ ስለሆነ በማስመሪያ የለካው ሰው 3/4 ነው ብሎ ይገዛል። መደብር ስትሄድ ቁጥር ከምትናገር ዕቃውን ራሱን ይዘህ ብትሄድ ይሻላል የምለው ለዚህ ነው።

ታዲያ 3/4 ከሆነ ለምን ሁለት ዙር ሄዶ ቆመ? እኛ አገር የሚሸጠው የቧንቧ ዕቃ በእንግሊዝ የቧንቧ ጥርስ፣ ቢ.ኤስ.ፒ በሚባለው የተቆረጠ ነው። አሜሪካ የተሠራ ወይም ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ጀልባ ደግሞ ኤን.ፒ.ቲ በሚባለው ነው። በ1/2 እና በ3/4 መጠን ሁለቱም በአንድ ኢንች ውስጥ 14 ጥርስ አላቸው። ለዚህ ነው አንዱ ሌላው ውስጥ ገብቶ የሚጀምረው። የጥርሱ ቅርጽ ግን ይለያያል፤ የእንግሊዙ 55 ዲግሪ፣ የአሜሪካው 60 ዲግሪ ነው። ውፍረታቸውም በጥቂት ይለያያል። አንድ ሁለት ዙር ሲሄዱ ጥርስ ለጥርስ ይነክሳሉ። እጅህ «ጠበቀ» ይልሃል። ውስጡ ግን ከታች እስከ ላይ የሚዞር ቀጭን ክፍተት ቀርቷል። ውሃው በዚያ ጠመዝማዛ ክፍተት ዞሮ ዞሮ ይገባል። ቴፍሎን ለትክክለኛ ጥርስ ማለስለሻና ማሟያ ነው፤ ለማይስማማ ጥርስ መሙያ አይሆንም። ዛሬ ቢይዝ ነገ በንዝረቱ ይላላል።

ሌላም ምክንያት ሊኖር ይችላል። የሐረማያ ውሃ ጭቃ ይዞ የሚመጣ ነው። ከዙሪያው እርሻ የሚታጠበው አፈር ሁሉ ማረፊያው እዚያ ነው። ጭቃ ጥርሱ ውስጥ ከደረቀ ትክክለኛውንም ውታፍ አያስገባም። ስለዚህ መጀመሪያ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽና በሙቅ ውሃ እጠበው። ከዚያ ውታፉን ያለ ቴፍሎን በጣትህ ብቻ አስገባ። ጫፉ ሾጠጥ ያለ ትክክለኛ ውታፍ በጣት ሦስት አራት ዙር ይሄዳል፤ ከዚያ በቁልፍ አንድ ወይም አንድ ተኩል ዙር ይጨመርበታል። በጣት አንድ ተኩል ላይ ከነከሰ ጥርሱ አይደለም። በጣት እስከ መጨረሻው ከገባም አይደለም። ከዚህ በላይ መሣሪያ አያስፈልግህም።

አሁን ስለ ብረቱ። ጋልቫናይዙን፣ ማለትም ዚንክ የተቀባውን ብረት፣ ዛሬውኑ ፍታው። የጀልባህ መቀመጫ ከብራስ የተሠራ ነው ብዬ እገምታለሁ፤ አብዛኛው እንደዚያ ነው። ብረትና ብራስ ውሃ ውስጥ ተነካክተው ሲቀመጡ ብረቱ ቀድሞ ይበላል። ዚንኩ መጀመሪያ ይሄዳል፤ ቀጥሎ ብረቱ ይዝጋል። ዝገቱ ያብጥና መቀመጫው ውስጥ ይጣበቃል። በሌላ ጊዜ ልፍታ ስትል የውታፉ ራስ ብቻ ተቆርጦ እጅህ ላይ ይቀራል። ብዙ ጀልባ ላይ አይቼዋለሁ። ከዚያ በኋላ ቀሪውን በመሮ ማውጣት ነው፤ መቀመጫውም አብሮ ይበላሻል።

ጀልባህ አሮጌ መሆኗና የመጣችው ከባሕር መሆኑ ሌላ ጉዳይ ያመጣል። ጂቡቲ ላይ ዓመታት በጨው ውሃ ውስጥ ኖራለች። ብራስ ማለት መዳብና ዚንክ ነው። የጨው ውሃ ዚንኩን ቀስ በቀስ መጥጦ ያወጣውና መዳቡን ብቻ ያስቀራል። ከውጪ ሲታይ ቅርጹ እንዳለ ነው። ጥንካሬው ግን የለም፤ እንደ ደረቀ ዳቦ ይፈረፈራል። ይህን ለማወቅ ቢላዋ ይበቃል። የመቀመጫውን ጠርዝ በቢላው ጫፍ ፋቅ አድርገው። ከሥሩ ብሩህ ቢጫ ከወጣ ደህና ነው። ሮዝ ወይም ቀይ የመዳብ መልክ ከወጣ ተበልቷል። ጥርሱ ውስጥም በባትሪ አብርተህ እይ። ጥርሱ ጫፉ ከተሸረፈና ሮዝ ሆኖ ከታየ ውታፍ መፈለግህን ተው። ምንም ዓይነት ውታፍ አይይዝም፤ መቀመጫው ራሱ መቀየር አለበት።

መቀመጫው ቢጫና ጤነኛ ከሆነ ሁለት ምርጫ አለህ። አንዱ ከጂቡቲ የጀልባ ዕቃ ከሚሸጡ ሰዎች ትክክለኛውን ማስመጣት ነው። ሁለተኛው ቶርኖ ቤት ማስቆረጥ ነው፤ እኔ ይህን እወደዋለሁ። ድሬ የባቡር ከተማ ናት፤ ሐዲዱ በፈረንጆቹ 1902 እዚህ ከደረሰ ጀምሮ ብረት ቆርጦ ማገጣጠም የሚያውቅ እጅ ጠፍቶባት አያውቅም። መቀመጫውን ፈተህ ይዘህ ሂድ። «ለዚህ የሚሆን ከብራስ ዘንግ ቁረጥልኝ» በል። ባለሙያው የጥርስ መለኪያውን አስገብቶ 55 ወይም 60 ዲግሪ መሆኑን ወዲያው ይነግርሃል። ራሱን ሰፋ አድርጎ ባለ ስድስት ጎን እንዲያደርገው ንገረው፤ በተለመደ ቁልፍ እንድትፈታው። ከራሱ ሥር ለኦሪንግ (ለክብ የጎማ ማሸጊያ) የሚሆን ማረፊያ እንዲያበጅለት አድርግ። ሁለት አስቆርጥ። አንዱ ይጠፋል።

ብራስ ነው ብለው የሚሰጡህን ሁሉ አትመን። ማግኔት ኪስህ ውስጥ ይኑር። ከተሳበ ብረት ነው፤ ላዩን ብቻ ቢጫ ተቀብቷል። ለሐይቅ ውሃ ብራስ ይበቃል። ብሮንዝ ካገኘህ ደግሞ ይበልጣል፤ ዚንኩ ትንሽ ስለሆነ ወይም ስለሌለው ያ የመበላት ችግር አይደርስበትም። ቀላ ያለ ቡናማ መልክ አለው። ነገ ከነገ ወዲያ ጀልባዋን ወደ ባሕር የምትመልስ ከሆነ ግን ከብሮንዝ በታች አትቀበል። ይህን የሚያነብ ሌላ ሰው ጀልባው የአልሙኒየም ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ ብራስም ብሮንዝም አይገባም፤ አልሙኒየሙን ይበላዋል። የፕላስቲክ መቀመጫና ውታፍ ነው የሚሻለው። ፕላስቲክ ስል ለጀልባ የተሠራውን ጠንካራ ናይለን ማለቴ ነው። ለቤት ውስጥ የሚሸጠው ነጭ ፒ.ቪ.ሲ የእኛን ፀሐይ አይችልም። ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል።

መቀመጫው መቀየር ካለበት ሥራው የአንድ ቀን ነው፤ መድረቂያው ግን ቀን ይፈልጋል። ብሎኖቹን ፍታ፣ አሮጌውን አውጣ። ቀዳዳው ውስጥ የእንጨቱን ጠርዝ ታያለህ። በጥፍርህ ጫን በለው። ከለሰለሰ ወይም ከረጠበ አታሽግበት። ውሃ አፍነህ መቅበር ነው የሚሆነው። ቀዳዳውን ክፍት አድርገህ ድሬ ፀሐይ ላይ ብታቆማት ሐረር ከምታቆማት ቶሎ ትደርቃለች። ከደረቀ በኋላ የእንጨቱን ጠርዝና የብሎን ቀዳዳዎቹን ሁሉ በቀጭን ኢፖክሲ (ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ የሚጠነክር ማጣበቂያ) ቀባ። ሲጠጣው ድገመው። ብዙ ሰው ይህን ይዘልለዋል። ጀልባዎች ከኋላ የሚበሰብሱት በዋነኛነት እዚህ ላይ ነው።

ከዚያ መቀመጫውን ለማሸግ ፖሊዩሬቴን ሲላንት (እንደ ጎማ የሚደርቅ ማሸጊያ) ግዛ። ሲካፍሌክስ 291 ለጀልባ ተብሎ የተሠራ ነው፤ እሱን ወይም ተመሳሳዩን። ሲከፈት ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተውን የመስኮት ሲሊኮን አታስገባ። አሲዱ ብረቱን ይጎዳዋል፤ ውሃ ሥር ሲቆይም ይላጣል። አንዴ ከተቀባ ደግሞ ቅሪቱ ላይ ሌላ ማሸጊያ አይዝም፤ በአሸዋ ወረቀት ፍቀህ እስክታወጣው ትቸገራለህ። ሲላንቱን በመቀመጫው ጀርባ ዙሪያውንና በእያንዳንዱ የብሎን ቀዳዳ ውስጥ አድርግ። ብሎኖቹ እስቴንለስ ይሁኑ። መጀመሪያ እስከ ጥግ አታጥብቃቸው። ማሸጊያው ዙሪያውን እኩል ብቅ ሲል አቁም። እስከ ጥግ ካጠበቅህ ሁሉም ተጨምቆ ይወጣና ብረት በፋይበር ላይ ባዶውን ይቀራል። ከደረቀ በኋላ ትንሽ ጨምርበት። አደራህን፣ ሲላንቱን በውታፉ ጥርስ ላይ እንዳትቀባ። ውታፉ በየቀኑ መፈታት ያለበት ዕቃ ነው።

ቴፍሎን ለትክክለኛው ሾጣጣ ውታፍ ሦስት ዙር ይበቃዋል፤ ውታፉ በሚጠብቅበት አቅጣጫ ጠቅልለው። በኦሪንግ የሚያሽግ ውታፍ ከሆነ ግን ቴፍሎን አያስፈልገውም። ያሽጋል የተባለው ጎማው ነው። ቴፍሎኑ ራሱን ከፍ አድርጎ ጎማው እንዳይጫን ያደርገዋል። ብዙ ጊዜ እንዲጠብቅ ተብሎ የሚጨመር ነገር ማፍሰሻ የሚሆነው እንዲህ ነው። ኦሪንጉን በሲሊኮን ግሪስ ቀባው፤ የመኪና ግሪስ አንዳንዱን ጎማ ያሳብጠዋል።

ስለሚለጠጠው የጎማ ውታፍም ልንገርህ፤ ሳትጠይቅ አትቀርም፣ ጂቡቲም በየሱቁ አለ። መሀሉ ላይ ብሎን ያለው የጎማ ሲሊንደር ነው። እጀታውን ስታጥፍ ወይም ስታዞር ጎማው ይጨመቅና ወደ ጎን ያብጣል። የጥርስ ጣጣ የለበትም። ግን የሚይዘው ለስላሳ ክብ ቱቦ ውስጥ ነው። የአንተ መቀመጫ ጥርስ ያለው ስለሆነ እዚያ ውስጥ ብትወትፈው በጥርሶቹ መሀል ያፈስሳል፤ ጎማውም ይቆራረጣል። አንዳንድ ጀልባ ላይ ግን ቀዳዳው ከግድግዳው እስከ ውስጥ ድረስ የሚዘልቅ አንድ ኢንች ለስላሳ የብራስ ቱቦ ነው። እዚያ ላይ ጥሩ ዕቃ ነው። እጀታውን ስትዘጋው አውራ ጣትህ በደንብ ሊታገለው ይገባል። በቀላሉ ከተዘጋ ልል ነው፤ ክፈተውና ብሎኑን ግማሽ ዙር ጨምርለት። ጎማው ላይ ቀጫጭን ስንጥቅ ስታይ ጣለው። ፀሐይና ቤንዚን ይጎዱታል፤ ከጎማው ሥር ያለችው ዳዶም ትበላለች። ለእኔ ዋናው ውታፍ ባለ ጥርሱ ቢሆን ይሻላል፤ የጎማው መጠባበቂያ ነው።

ለመጠባበቂያ ከዚህም የቀለለ አለ። አናጺ ቤት ሄደህ ከለስላሳ እንጨት ጫፉ ሁለት፣ ራሱ አራት ሳንቲ ሜትር የሆነ ሾጣጣ ውታፍ አስጠርብ። ውታፉ በወደቀ ጊዜ ከውስጥ ወትፈህ በመዶሻ ወይም በጫማህ ተረከዝ ትመታዋለህ። ውሃ ሲነካው ያብጣል፣ ይበልጥ ይይዛል። በገመድ ከቀዳዳው አጠገብ እሰረው። ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ ውታፍ በጭንቅ ሰዓት አይገኝም።

ወደ ፓምፑ እንምጣ። ከውሃው ወለል በታች ሌላ ቀዳዳ እንዳታስበሳ። ለአራት ሜትር የሐይቅ ጀልባ ከዚያ ከአንዱ ማፍሰሻ በቀር ሥር የሚበሳ ምንም ምክንያት የለም። ፓምፑ ውስጥ፣ ዝቅተኛው ቦታ ላይ ይቀመጣል። መውጫው ጎን ላይ፣ ከፍ ብሎ ነው የሚበሳው። ምን ያህል ከፍ? ጀልባዋን ጠርዝ ላይ፣ ጥልቀቱ ከጉልበት በማይበልጥበት አቁማት። የምትጭነውን ያህል ሰው ጫን፤ ሞተሩም ነዳጁም ይኑር። ሁሉም ወደ ኋላ ጠጋ ይበሉ። አሁን ውሃው የደረሰበትን ከውጪ በማርከር ምልክት አድርግ። መውጫው ከዚያ ምልክት ቢያንስ አንድ ስንዝር ከፍ ይበል። ቱቦው ደግሞ መውጫው ጋ ከመድረሱ በፊት ወደ ላይ ቀለበት ሠርቶ ይውረድ። ምክንያቱም ይህ ዓይነት ፓምፕ ሲጠፋ ውስጡ ክፍት ነው። መውጫው ውሃ ውስጥ ከገባ ሐይቁ በዚያው ቱቦ ተመልሶ ይፈስሳል፤ ጀልባዋን ያዳናት ፓምፕ ያሰጥማታል።

በሰዓት 500 ጋሎን ተብሎ የሚሸጠው ባለ 12 ቮልት ፓምፕ ለአንተ መጠን የተለመደ ነው። 1,900 ሊትር ገደማ በሰዓት፣ በደቂቃ ከ30 ሊትር ትንሽ በላይ ማለት ነው። ይህ የሳጥኑ ላይ ቁጥር ነው፤ ቱቦው ወደ ላይ ሲወጣ ይቀንሳል። ከላይ ያልኩህን 40 ሊትር አስታውስ። ፓምፑ የወደቀ ውታፍን አይቋቋምም። የማዕበል ርጭትና የዝናብ ውሃ ለማውጣት ነው። ስለዚህ ባልዲም አይቅር፤ አንድ አሮጌ ጀሪካን አፉን ሰያፍ ቆርጠህ በገመድ እሰረው። የሕይወት ማዳኛ ጃኬት በተሳፋሪ ልክ መኖሩን አልጠየቅህም፤ እኔ ግን እጠይቅሃለሁ።

ለፓምፑ የአትክልት ማጠጫ ጎማ አትጠቀም። ፀሐይ ሲመታው ይለሰልሳል፣ ይታጠፋል፣ ውሃውም ይታፈናል። በመሀሉ ክር የገባበት ውስጡ ለስላሳ የሆነ ቱቦ ይሻላል። የተሸበሸበው ቱቦ እንደልብ ይታጠፋል፤ ግን ፍሰቱን ይቀንሳል፣ ጭቃም ይይዛል። ፋሸታው (ቱቦውን የሚያስረው ቀበቶ) ሙሉ በሙሉ እስቴንለስ ይሁን። ብዙ ጊዜ ቀበቶው እስቴንለስ ሆኖ ብሎኗ ብረት ናት፤ እሷ ትዝግና ሁሉም ይወልቃል። ማግኔቷን አውጣና ብሎኗን ሞክራት። ፊውዙ ከባትሪው አጠገብ፣ የሽቦ መገናኛው ከወለሉ ከፍ ብሎ ይሁን። የፓምፑን ማጥለያ በየጊዜው ክፈትና ጭቃውን አውጣ፤ ሐረማያ ላይ ቶሎ ይደፈናል።

ከሐይቁ ስትወጣ ውታፉን ፍታው። ጀልባዋ አፍንጫዋ ከፍ ብሎ ትቁም። ክረምት ላይ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢዘንብ ለአንተ ጀልባ ስፋት ወደ 100 ሊትር ነው፤ በአንድ ሌሊት 100 ኪሎ። የፈታኸውን ውታፍ ከሞተሩ ማስነሻ ወይም ማጥፊያ ገመድ ጋር አንድ ላይ እሰረው። ሞተር ለማስነሳት ስታነሳው ውታፉ እጅህ ይገባል፤ ረስተህ ልትገባ አትችልም። ጂቡቲ እያለሁ ከውታፍ መበላሸት ይልቅ ውታፍ ረስቶ መግባት ነበር ብዙ ሰው ያስጮህ የነበረው።

ስለ በዓሉ ቀን፦ ፍተሻው ጥርሱን ብቻ ካሳየህና መቀመጫው ቢጫ ከሆነ ቶርኖ ቤቱ በአንድ ቀን ይጨርስልሃል፤ ትደርሳለህ። መቀመጫው ከተቀየረ ግን ሲላንቱ ላዩ ደርቆ ብታየውም ውስጡ ቀናት ይፈልጋል። እርጥበት ከአየር እየወሰደ ነው የሚደርቀው፤ በደረቅ ወቅት ይዘገያል። አንድ ሳምንት ስጠው። ከዚያ ያንን የጨርቅና የሶፍት ፍተሻ እንደገና አድርግ። ቀጥሎ ብቻህን፣ ከዳር ሳትርቅ አንድ ሰዓት ቆይ። ወለሉ ደረቅ ከሆነ ሰው ጫን። የመቀመጫውን ቢጫነት ወይም ሮዝነት መለየት ካቃተህ ፈተህ ድሬ ይዘኸው ና፤ አብረን እናየዋለን።